ነጭነት ቪታሚን አይደለም

ሰሞኑን አዲስ አበባ ውስጥ ስለ እንጀራ ወሬ ከተነሳ አንድ ነገር አይቀርም። "ጤፉን እኮ ጂኑን ነካክተው አበላሹት!" ይባላል። ሁሉም ይስማማል፣ ወሬው ወደ ኳስ ይሻገራል። እኛ ግን እዚህች ጋ ትንሽ እንቆይ። ማን ነው የነካካው?

ቁንጮን እንውሰድ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ዝርያ ነው። ወላጆቹ ሁለቱም ያገር ልጆች ናቸው፤ አንደኛው ማኛ ነጭ ሆኖ ምርቱ ያነሰ፣ ሌላኛው ዱከም ምርት እየሰጠ በቀለሙ ገበያ ያጣ። የተዳቀሉት ደብረ ዘይት ነው፣ ያውም በእጅ! የጤፍ አበባ ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ትከፈታለች። ይህንን ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እስኪደርሱበት ድረስ ጤፍን ማዳቀል የማይሆን ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪው ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ በማጉያ መሣሪያ እያየ፣ ከአንዷ አበባ ወንዴውን ነቅሎ የሌላዋን ብናኝ ያስነካታል። ከባክቴሪያ የመጣ ጂን የለም፣ ከዓሣም የለም።

እኛን የሚያናድደን ሌላ ነው። ያ ሁሉ ድካም የዋለው ምርትን ከነጭነት ጋር ለማጋባት ነው። በተመራማሪዎቹ አንፈርድም፤ ያዘዛቸው ገበያው ነው። ነጭነት ግን ምን ይመግባል? (የጤፍ ብረት እያልን የምንፎክርበትም ቢሆን ከፊሉ ከአውድማው አፈር የተጣበቀ ነው።)

በቆሎን ተመልከቱ። ኦፔክ-2 የተባለው ጂን ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉትን የፕሮቲን ክፍሎች እንደሚጨምር አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የታወቀው በ1964 ነው። ፍሬው ግን ለስላሳ፣ ምርቱ ዝቅተኛ፣ ለነቀዝ የተመቸ ሆነ። ሜክሲኮ ውስጥ ኢቫንጀሊና ቪዬጋስና ሱሪንደር ቫሳል ለዓመታት ሲያርሙት ቆይተው በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ይህ በቆሎ እኛም አገር ገብቷል። ታዲያ ላይሲን በዓይን አይታይ! ነጋዴው እህሉን እፍኝ አድርጎ ቢያየው ከሌላው አይለየውም፤ ላልለየው ነገር ደግሞ ጨምሮ አይከፍልም። ገበሬውስ ለምን ብሎ ይዝራው?

እንግዲህ ጂን ከመራገም በፊት ገዢው ይጠየቅ። በጅምላ እህል የሚገዙት የዩኒቨርሲቲ ካፌዎችና የትምህርት ቤት ምገባዎች ለቀለም የሚከፍሉትን ለፕሮቲንና ለብረት ይክፈሉ። አዲስ ዝርያ ሲወጣም በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚሰጥ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ኪሎው ውስጥ ስንት ሚሊግራም ዚንክ እንዳለ አብሮ ይነገረን።