የሚነቃነቅ ጥርስ ሁሉ የጥርስ በሽታ አይደለም

የዚህ ወር የጤና ዓምዳችን ስለ መንጋጋ አጥንት ነው።

በጅግጅጋም ሆነ በቀብሪ በያህና በቶጎ ውጫሌ፣ ጥርሱ የተነቃነቀበት ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ማስነቀል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የጥርስ ወይም የድድ ሕመም ብቻ ይሆናል። አልፎ አልፎ ግን ጥርሱን ያላላው ካንሰር ነው።

ካንሰር ወደ መንጋጋ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከአፍ ውስጥ ነው። ድድ በአጥንቱ ላይ የተለበጠ ስስ ሥጋ ስለሆነ፣ እዚያ የበቀለ ካንሰር በጥርሱ መቀመጫ በኩል ወደ አጥንቱ በቀላሉ ይዘልቃል። ሁለተኛው፣ ብዙም የማያጋጥመው፣ በደም በኩል ነው፤ የጡት፣ የሳንባ ወይም የፕሮስቴት ካንሰር ከሩቅ ተነሥቶ መንጋጋ ላይ ሊያርፍ ይችላል። በሰውነታችን ውስጥ አሮጌ አጥንት የሚያፈርሱና አዲስ የሚገነቡ ሕዋሳት አሉ። ካንሰሩ አፍራሾቹን ከልክ በላይ ስለሚያነሣሣ አጥንቱ ይመነምናል፤ ጥርሱም ይላላል። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲነካ ደግሞ ከንፈርና አገጭ ይደነዝዛሉ።

እንግዲህ እነዚህን ምልክቶች ልብ ይበሉ፦ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ ያለ በቂ ምክንያት የተነቃነቀ ጥርስ፣ ጥርስ ተነቅሎለት ለሳምንታት ያልሞላ ጉድጓድ፣ የአገጭ መደንዘዝ፣ በአንገት ላይ የወጣ እብጠት። በሲዋክ ጥርሱን የሚፋቅ ሰው አልፎ አልፎ በመስታወት ድዱንና ምላሱን ቢመለከት መልካም ነው። ጫት ቃሚዎችም የጉንጭን ቁስል «ጫቱ ነው ያቆሰለኝ» ብለው አይለፉት። ከጫቱ ጋር የሚጨሰው ሲጋራና ሺሻ፣ እንዲሁም ሱረት ለአፍ ካንሰር ያጋልጣሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ የራስን ቤት መጠበቅ ግን የቤተሰቡ ፋንታ ነው።

አጥንቱ ብዙ ካልተጎዳ ራጅ ላያሳይ ይችላል። ቁርጡ የሚታወቀው ከቁስሉ ትንሽ ሥጋ ተወስዶ ሲመረመር ነው። «ቢላ ከነካው ይዛመታል» በሚል ወሬ ምርመራውን አያዘግዩ። በጅግጅጋ ካራማራና ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታሎች አሉ፤ ከዚያም ታማሚው ወደ ሐረሩ ሕይወት ፋና ወይም ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሊላክ ይችላል።

በድድ ላይ ሳለ የተገኘ ካንሰር በትንሽ ቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል። አጥንት ውስጥ ከገባ ግን ከመንጋጋው ቆርጦ ማውጣትና የጨረር ሕክምና ይከተላል። ስለዚህ ያልዳነውን ቁስል ዛሬውኑ ያሳዩ።