የቀርከሃው አውሮፕላን ለምን አልተነሳም?

ቆሰበር ውስጥ አንድ ልጅ አውቃለሁ። ስሙን አልጠቅስም፤ ምክንያቱን እያነበባችሁ ትረዱታላችሁ። እናቱ ቤት ግድግዳ ላይ ክንፉ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን አውሮፕላን ተሰቅሏል። አጥንቱ የአዊ ቀርከሃ፣ ልባሱ ቀጭን ላስቲክ ነው፤ ሞተሩና ባትሪው ከውጭ በዘመድ የመጡ ናቸው። በሪሞት ነው የሚበረው። ግን አንድም ቀን አልበረረም።

"ለምን?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ድሮን ነው ብለው ቢይዙኝስ? ጎረቤትስ ድምፁን ሲሰማ ምን ይሆናል?"

መልስ አጣሁ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ስለዚህ ሁሉም ያሻውን ያብርር አልልም። ድሮን ለማስገባት የኢንሳ ፈቃድ መጠየቁም ይገባኛል። የእኔ ጥያቄ፣ ፈቃድ መጠየቅ የሚፈልግ ልጅ የማንን በር ያንኳኳ? ነው።

የሠራው ነገር ተራ መጫወቻ አይደለም። ቆሰበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ያው ክብደት ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ያንሰዋል። ልጁ ይህን አስልቶ ክንፉን አስረዘመ። ሚዛኑ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ሩብ ያህል ገባ ብሎ እንዲያርፍ ባትሪውን ሲገፋና ሲስብ ሰነበተ። ይህንን ፊዚክስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አታገኙትም።

በቀርከሃም አትሳቁ። ብራዚላዊው ሳንቶስ ዱሞንት ከመቶ ዓመት በፊት "ደምዋዜል" የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላኑን በቀርከሃ ሠርቶ አብርሯል። እኛም ለሰማይ ባዳ አይደለንም። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር "ፀሐይ"ን በ1928 ዓ.ም. ሠራት። ጣሊያን ወሰዳት፤ በጥር 2016 ተመለሰች፤ ደስ አለን። አስመላሽ ዘፈሩ ደግሞ አውሮፕላኑን በእናቱ በኪሮስ ስምና በፈጀበት ቀን ብዛት ኬ-570ኤ ብሎ ሰየማት። በ2007 ዓ.ም. ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም። ቢሆንም ሞክሯል። የእኛው ልጅ ግን የመውደቅ ዕድል እንኳ አላገኘም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከዞኑ አስተዳደርና ከጸጥታ አካላት ጋር ተነጋግሮ አንድ ሜዳና የታወቀ ሰዓት ያስመድብ። ሠሪው ይመዝገብ፤ ካሜራ አይጫንበት፤ ከዓይን አይራቅ፤ ነዋሪው አስቀድሞ ይነገረው። በአውሮፓና በአሜሪካም ደንቡ ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ከ250 ግራም በላይ ከሆነ ምዝገባ፣ ከፍታው በአብዛኛው እስከ 120 ሜትር።

"አሁን ጊዜው ነው ወይ?" የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሰላም ይቀድማል። ነገር ግን ሰላም እስኪመጣ ልጁ ወይ ያረጅብናል፣ ወይ ይሰደድብናል። ደግሞስ ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ የሞት አለመሆኑን ሕፃናቱ መቼ ይወቁ?

በየዓመቱ ጥር 23 ለአገው ፈረሰኞች ሜዳ የማይጠባት ከተማ፣ ለአንድ የቀርከሃ አውሮፕላን የአንድ ሰዓት ቦታ አታጣም።