ሌላ ሴት መስላኝ ነበር… ባቡር ሆና ተገኘች!

ዛሬ መካሪው ራሱ የተመከረበትን ጉድ ላጫውታችሁ።

ነገሩ የጀመረው ከአንዲት ወጣት ደብዳቤ ነው። «እጮኛዬ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት አይገኝም፤ ስልኩን ያጠፋል። ደመወዝ በወጣ በሳምንቱ ብር ይበደረኛል። የት ነበርክ ስለው ‹ሥራ ላይ› ይለኛል። ምን ላድርግ?» ትላለች። እኔ ሆዬ ምን ብዬ ብመልስላት ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ይሄ ሰው ሌላ አለችው፤ በጊዜ ተለዪው!» ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ደግነቱ ልጅቷ ምክሬን አልሰማችም። አንድ ቅዳሜ ከኋላ ከኋላው ተከተለችው። አክስቱ ግቢ ካለች ሰርቪስ ቤት ሲገባ አየችና ጥቂት ቆይታ በሩን በረገደችው። ሴት የለም! እጮኛ ሆዬ ተንበርክኮ ከስንዝር የማትበልጥ ባቡር እየገፋ ነው።

«ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር! ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ሰውዬ በመጫወቻ ያታልለኛል?» ብላ እንደገና ጻፈችልኝ።

ያለ ጥፋቱ ስሙን አጥፍቻለሁና ዕዳ አለብኝ። ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ልጅ ሳለ ከለገሐር ድሬዳዋ ድረስ ይዘውት ሄደዋል። አባትየው ካረፉ ወዲህ ያን ባቡር በትንሹ መሥራት ጀመረ። ለምን እንደደበቀ ስጠይቀው «ትስቅብኛለች ብዬ ነዋ!» አለኝ።

እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከሒሳብ ጋር ብዙም አንዋደድም ነበር። ልጁ ግን አስተማረኝ። በዓለም ላይ መደበኛ የሚባለው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ከዚያ ያነሰው ጠባብ ሐዲድ ይባላል። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡራችን ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ግን መደበኛውን ስፋት የያዘ ነው። ጠባብ ሐዲድ በአጭር ኩርባ ይታጠፋል፤ ስለዚህ በተራራማ አገር ወጪ ይቀንሳል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሞዴል ለሚሠራም ጥቅሙ ይኸው ነው።

ልጁ የያዘው ልኬት 1 ለ87 ነው። አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይመጣል። ለዚህ ልኬት 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ አውሮፓ ውስጥ ይሸጣል፤ ብዙዎቹ የስዊዘርላንድ ተራራ ባቡሮች ባለ 1 ሜትር ናቸውና ፈላጊው አይጠፋም። ጀርመን ያለው የአጎቱ ልጅ ትንሽ ላከለት። የቀረው የአገር ቤት ነው፦ መደቡ ኮምፔርሳቶ፣ ተራራው ጀሶ፣ ሣሩ አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ፣ ፉርጎዎቹ ካርቶን፣ ሞተሯ ደግሞ ከተበላሸ ቴፕ የወጣች!

ታዲያ ብሩ የት ገባ? ወንድማችን መስመሩን በሙሉ ካልሠራሁ ብሎ ነበራ! ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለ87 አካፍሉት፤ 9 ኪሎ ሜትር! የእሱ ክፍል ሦስት በአራት ናት። ድልድይ ይጀምራል፣ ያፈርሳል፣ ደግሞ ዕቃ ይገዛል።

በዚህ ጊዜ ሁለቱንም አስቀምጬ የመከርኳቸውን ልንገራችሁ። ሌላ ነገር ለምትሠሩም ይጠቅማል።

አንደኛ፣ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ። ለገሐርም ይቅርብህ። ሁለት ሐዲድ፣ አንድ ቤት፣ አንድ የውሃ ታንከርና ጥቂት ፍየሎች ያሏት የገጠር ጣቢያ ትበቃሃለች።

ሁለተኛ፣ መደቡን ለሁለት ክፈለውና በብሎን አያይዘው። በር የማያስወጣ ነገር ሰው አያየውም።

ሦስተኛ፣ የምታሳይበትን ቀን ቁረጥ። ቀን የሌለው ሥራ አያልቅም።

አራተኛ፣ በወር የምታወጣውን ከእሷ ጋር ተነጋገር። ስልክህንም አታጥፋ!

ከአምስት ወር በኋላ አንድ እሁድ፣ በወጣት ማዕከል አዳራሽ ለሰው ታየ። ሚኒባስ ላይ ሲጫን አንድ ሽቦ ተበጥሶ ጠዋቱን በብየዳ አሳለፈ። ከዚያ ደግሞ ባቡሯ ሁለቴ ሄዳ ቀጥ! ለካ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በሐዲዱና በመንኮራኩሯ ነውና አቧራ ካለ አትንቀሳቀስም። በጨርቅ ሲወለወል ተነሳች። ልጆች እየጮሁ ከበቧት።

ጣቢያዋ ጥግ ላይ የተቀባ ተራራ አለ። ባቡሯ ከጀርባው ትገባለች፤ እዚያ ተመልካች ሳያይ በእጅ ዞራ ትመለሳለች። ከተራራው ጀርባ ተቀምጣ የምታዞራት ማን መሰለቻችሁ? ደብዳቤ የጻፈችልኝ ልጅ!

አንድ አዛውንት ብዙ ቆመው አዩ። ጡረተኛ የባቡር ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ታንከሩን ያለ ቦታው አቁመኸዋል። በእንፋሎት ጊዜ ባቡሩ ቆሞ ነው ውሃ የሚቀዳው። ሎኮሞቲቩ ከሚቆምበት ጫፍ አድርገው» አሉት። «እሺ አባባ» ብሎ ወዲያው ነቀለው። ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ አይቻለሁ፤ አልጠየቅኩትም።

ወዳጆቼ፣ የሚደበቅ ነገር ሁሉ ውሽማ ይመስላል። የምትወዱትን ነገር ለምትወዱት ሰው አሳዩ፤ ቢሳቅባችሁም ይሳቅ። እኔም ደብዳቤ አንብቤ ሳልጨርስ «ተለዪው» ማለት ትቻለሁ።

ስንወጣ «ሠርጉ መቼ ነው?» አልኳት።

«መጀመሪያ የተበደረኝን ይመልስ!» አለችና ባቡሯን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።