«ማንበቢያው ሞቷል» ከማለታችን በፊት

በየመኝታ ክፍሉና በየቤተ መጻሕፍቱ የሚሰጥ አንድ የችኮላ ፍርድ አለ፤ እርሱም «የዲስክ ማንበቢያው ሞቷል» የሚል ነው። አንድ ተማሪ የፊልም ዲቪዲ ያስገባል፤ መሣሪያው ጥቂት ይሽከረከራል፤ ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል፤ ወይም ትርጉሙ የማይገባ ማስታወቂያ ይወጣል። በዚያው ቅጽበት ፍርዱ ይሰጣል፤ ማንበቢያው ተፈትቶ ይጣላል፤ ወይም «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት አቧራ ሲለብስ ይኖራል። እኛ ግን ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ፍርደ ገምድል ነው እንላለን።

«ፊልም ሁሉ በኢንተርኔት በሚገኝበት ዘመን ስለ ዲስክ መጨነቅ ምን ይጠቅማል?» የሚል ወንድም አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ዛሬ የሚሠሩት ላፕቶፖች አብዛኞቹ የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም። በሌላ በኩል የማስተማሪያ ፊልሞች፥ የተቀዱ ንግግሮችና የመመረቂያ ጽሑፎች በሲዲና በዲቪዲ ይቀመጡ የነበሩበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ የአማርኛ ፊልሞቻችንም ለዓመታት በቪሲዲና በዲቪዲ ሲሸጡ ኖረዋል። ከእነዚህ ሁሉ በኢንተርኔት የማይገኘው ብዙ ነው። ስለዚህ በየትምህርት ክፍሉ የቀሩት አሮጌ ማንበቢያዎች ወደዚህ ሀብት የሚያስገቡ የመጨረሻ በሮች ናቸው። በሩን ያለ ምርመራ የጣለ ሰው በውስጡ ያለውን ሁሉ አብሮ ጣለ ማለት ነው።

ምርመራውም ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ የሙዚቃ ሲዲ፥ ቀጥሎ ፊልም ያልሆነ፥ ፋይል ብቻ የያዘ ዲቪዲ፥ በመጨረሻም ሌላ የፊልም ዲቪዲ እያስገቡ መሞከር ነው። ሲዲ የሚነበበው 780 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው፥ ለዓይን በማይታይ የሌዘር ጨረር ነው፤ ዲቪዲ ግን የሚነበበው በ650 ናኖሜትር ቀይ ጨረር ነው። ስለዚህ አንዱ ሌዘር ደክሞ ሌላው ደኅና ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ሲዲ እያነበበ ዲቪዲን ሁሉ እንቢ ካለ፥ በእርግጥ ሌዘሩ ደክሞ ወይም ሌንሱ ቆሽሾ ሊሆን ይችላል። ፋይል የያዘውን ዲቪዲ አንብቦ ፊልሞቹን ብቻ እንቢ ካለ ግን ማንበቢያው ደኅና ነው፤ ጥፋቱ በሌላ ስፍራ ይፈለግ። ብሉሬይ የሚባለውም ዲስክ፥ መልኩ ዲቪዲ ቢመስልም፥ 405 ናኖሜትር ጨረር ስለሚፈልግ በተራ የዲቪዲ ማንበቢያ አይነበብም።

ከብዙ ዲስኮች አንዱ ብቻ እንቢ ሲል ዲስኩን ራሱን መመልከት ይገባል። ከቆሸሸ በለስላሳ ጨርቅ ከመካከሉ ወደ ዳር በቀጥታ ይጠረግ፤ እያዞሩ መጥረግ ግን አይገባም። ጽሑፉ የተጻፈው በክብ መሥመር ስለሆነ፥ መሥመሩን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ተከታታይ የሆነውን ጽሑፍ ያጠፋል፤ መሥመሩን አቋርጦ የሚያልፈውን አጭር ጭረት ግን መሣሪያው ራሱ አርሞ ሊያልፈው ይችላል።

ዲስኩም ማንበቢያውም ደኅና ሆነው ፊልሙ እንቢ ካለ ሁለት ምክንያቶች ይቀራሉ። ሁለቱም የተፈጥሮ ብልሽት አይደሉም፤ ሰው ያደረጋቸው ናቸው።

የመጀመሪያው የፕሮግራም ጉድለት ነው። የዲቪዲ ፊልም ተጨምቆ የተቀመጠ ስለሆነ የሚዘረጋው ፕሮግራም ይፈልጋል፤ ለዚህም ፕሮግራም የፈጠራ ባለመብቶቹ በየኮምፒውተሩ ክፍያ ይጠይቁ ነበር። ማይክሮሶፍት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ ይህን ወጪና የማንበቢያዎችን ቁጥር መቀነስ ምክንያት አድርጎ የዲቪዲ ፊልም ማጫወቻውን ከመደበኛው ዊንዶውስ አወጣው። ስለዚህ በዊንዶውስ 7 ፊልም ሲያሳይ የነበረ ኮምፒውተር ዊንዶውሱ ሲታደስ በድንገት «ሲሞት» የታየው በሕመም አይደለም፤ ሥራውን ስለቀሙት ነው። ከዚህም በላይ አብዛኞቹ የፊልም ዲቪዲዎች በምስጢር ቁልፍ የተቆለፉ ናቸው። በ1999 ዮን ዮሃንሰን የተባለ የ15 ዓመት የኖርዌይ ልጅ ከሌሎች ጋር ሆኖ ይህን ቁልፍ የሚፈታ ፕሮግራም ባወጣ ጊዜ ክስ ተመሥርቶበት ነበር፤ በ2003 ግን የአገሩ ፍርድ ቤቶች፥ ይግባኝ ሰሚው ጭምር፥ ነፃ አወጡት። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ፊልም ማየት መብቱ ነው የሚለው ሐሳብ እኛንም ያሳምነናል። ይህን ስንል ሰው የደከመበትን ፊልም እያባዙ መሸጥን መደገፋችን አይደለም፤ በሕግ ገዝቶ ማየትና ሰርቆ መነገድ ግን ለየቅል ናቸው።

ለዚህ ጉድለት መድኃኒቱን የሠሩት እንደ እኛው ተማሪዎች መሆናቸውን ማስታወስ ደስ ያሰኛል። ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ በ1996 በፓሪስ የኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች በግቢያቸው የኮምፒውተር መረብ ፊልም ለማስተላለፍ የጀመሩት ሥራ ነው፤ በ2001ም ማንም ሰው በነፃ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ተለቀቀ። የራሱን መዘርጊያ ይዞ ስለሚመጣ ከዊንዶውስ ምጽዋት አይጠብቅም። በሊኑክስ ላይ ግን ቁልፍ ፈቺውን ክፍል ለብቻው መጫን ሊያስፈልግ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት የቀጠና ገደብ ነው፤ የዚህ ጽሑፋችን ዋና ጉዳይም ይኸው ነው። የፊልም ኩባንያዎች አንድ ፊልም በየአገሩ በልዩ ልዩ ጊዜና ዋጋ ለመሸጥ እንዲያመቻቸው ዓለምን በ6 የዲቪዲ ቀጠናዎች ከፈሏት። አሜሪካና ካናዳ 1ኛ፥ አውሮፓ፥ ጃፓንና መካከለኛው ምሥራቅ 2ኛ ናቸው፤ ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፥ ከህንድና ከሩሲያ ጋር በ5ኛው ውስጥ ትገኛለች። ከዋሽንግተን በዘመድ እጅ የመጣ ፊልም ለ1ኛው፥ ከዱባይ የመጣው ለ2ኛው ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ከ2000 ወዲህ የተሠሩ የኮምፒውተር ዲቪዲ ማንበቢያዎች ቀጠናቸውን እንዲለውጡ የሚፈቀድላቸው 5 ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በመጨረሻ በተመረጠው ቀጠና ላይ ይቆለፋሉ። ቁጥሩ የሚያዘው በማንበቢያው በራሱ ውስጥ ስለሆነ ዊንዶውስን አጥፍቶ እንደገና መጫን አይመልሰውም። ቪኤልሲ አንዳንድ ጊዜ ገደቡን ያልፈዋል፤ ገደቡን አጥብቀው የሚይዙ ማንበቢያዎች ግን አሉ።

እንግዲህ የጋራ በሆነ ኮምፒውተር ላይ የሚደርሰውን አስቡት። አንዱ የአሜሪካ ፊልም ለማየት «ቀጠናውን ልለውጥ?» ለሚለው ጥያቄ ሳያነብ «እሺ» ይላል፤ በማግሥቱ ሌላው ወደ ቀድሞው ይመልሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ይለውጠዋል። በአንድ ሳምንት 5ቱም ዕድሎች ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ለትምህርት ያመጣው ዲስክ እንቢ ሲል «ማንበቢያው ሞቷል» ይባላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህ ነው። ገደቡን የጣሉትን ኩባንያዎች መውቀስ ይገባናል፤ ነገር ግን ገደቡ እስካለ ድረስ እነዚያ 5 ዕድሎች እንደ ወንበሩና እንደ መጽሐፉ የሁላችን ንብረት መሆናቸውን ማወቅ አለብን። ለአንድ ምሽት ጨዋታ የሁሉን ድርሻ ማጥፋት የማኅበር ሰው ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ማኅበራችንም መምህራኖቻችንም የሚከተለውን እንዲያስቡበት እንጠይቃለን። በጋራ ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ቪኤልሲ ይጫን። በእያንዳንዱ ማንበቢያ ላይ ቀጠናውና የቀሩት ዕድሎች ቁጥር ተጽፎ ይለጠፍ፤ በዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የማንበቢያው ስም ሲከፈት ቁጥሩ ይገኛል። ሁለት ኮምፒውተር ያለው ክፍል አንዱን ለ1ኛ፥ ሌላውን ለ2ኛ ቀጠና መድቦ ይተዋቸው፤ ያለ ኃላፊው ፈቃድም ማንም አይለውጥ። ሦስቱ ሙከራዎች ሳይደረጉ «አይሠራም» የሚል ወረቀት አይለጠፍ። ከሁሉም በላይ የራሳችን የሆኑት የተቀዱ ንግግሮችና የመመረቂያ ጽሑፎች ማንበቢያዎቹ በሕይወት ሳሉ ወደ ሌላ ማስቀመጫ ይገልበጡ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት ትዕግሥትና ስለ ጋራ ንብረት ማሰብ ይበቃል። በላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ማስረጃ ውጤት የሚጽፍ ተማሪ ዜሮ ያገኛል፤ ከላቦራቶሪ ስንወጣም ያው ሕግ አብሮን ይውጣ።