የአማርኛ ዕጣ በጅዳና በመካ፦ ከጃማይካ የሚገኝ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1962 ከብሪታንያ ነፃ የወጣችው ጃማይካ እስከ ዛሬ የመንግሥት ሥራዋን የምታካሂደው በእንግሊዝኛ ነው። አብዛኛው ሕዝብ በቤትና በገበያ የሚግባባው ግን በባርነት ዘመን ከእንግሊዝኛና ከምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎች ውሕደት በተወለደው ፓትዋ ነው። ፓትዋ በዘፈን ዓለምን ያዳረሰ የጃማይካውያን መታወቂያ ቢሆንም፣ የተበላሸ እንግሊዝኛ እየተባለ ለረጅም ዘመን ከመማሪያ ክፍልና ከጽሕፈት ቤት ርቆ ኖሯል። በአፍ ሕያው ነው፤ በጽሑፍ ግን ደካማ።

በጅዳና በመካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች ሁኔታ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። አማርኛ የራሱ ፊደልና የዳበረ ጽሑፍ አለው። ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ ቅዱስ ቁርኣንን ወደ አማርኛ ከመለሱት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። በመዲና የሚገኘው የንጉሥ ፋህድ የቁርኣን ማተሚያ ማዕከልም የአማርኛ ትርጉም አሳትሟል። በ1444 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 2023) የዐረፋ ኹጥባ ከተተረጎመባቸው 20 ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር።

አማርኛ በአደባባይ ይህን ክብር ቢያገኝም ስጋቱ ያለው በቤት ውስጥ ነው። በጅዳ ተወልደው የሚያድጉ ልጆች በትምህርት ቤትና በሰፈር የሚሰሙት ዐረብኛ ነው። ወላጅ በአማርኛ ሲጠይቅ ልጅ በዐረብኛ መመለስ ከለመደ፣ ቋንቋውን ቢሰማም ፊደል ሳይቆጥር ያድጋል። የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ዘላቂ አይደለም። ቤተሰቡ አንድ ቀን ወደ ሀገሩ ሲመለስ፣ ልጁ የክፍሉን መጽሐፍ ማንበብ፣ ከአያቱም ጋር መጨዋወት ይቸገራል።

የቁርኣን ቋንቋ ዐረብኛ ሳለ ስለ አማርኛ መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል የሚሉ ይኖራሉ። ለዚህ የወሎ ዑለማዎች ታሪክ በቂ መልስ ይሰጣል። እነ ሸይኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር በዐረብኛ የተካኑ ሆነው ሳለ፣ ሕዝቡ ዲኑን በሚገባው ቋንቋ እንዲረዳ አማርኛን በዐረብኛ ሆሄያት ጽፈዋል። በመካ ዳር አል-ሐዲስ አል-ኸይሪያ ያስተማሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ያረፉት ሸይኽ ሙሐመድ ቢን ዐሊ ኣደምም የሶሒሕ ሙስሊምንና የሱነን አን-ነሳኢን ሰፊ ማብራሪያዎች በዐረብኛ ሲጽፉ፣ ‹አል-ኢትዮጵያዊ አል-ወሎዊ› የሚለውን መጠሪያ ከስማቸው አልነጠሉም። ዕውቀታቸው መነሻቸውን አላስካዳቸውም።

ቅዱስ ቁርኣን በአር-ሩም ምዕራፍ የቋንቋዎችን መለያየት ከአላህ ታምራት ይቆጥረዋል። ይህ ለኦሮምኛ፣ ለሐረሪ፣ ለአፋርኛና ለሶማሊኛ ተናጋሪ ወንድሞችም እኩል የሚሠራ እውነት ነው። የጃማይካ ተሞክሮ የሚያሳየው፣ ቋንቋ ቤትንም ጽሑፍንም እንደሚሻ ነው። የአማርኛ ጽሑፍ በሊቃውንት ድካም ተሟልቷል፤ የቀረው የወላጆች ድርሻ ነው። ከሳምንቱ ጥቂት ሰዓት ለፊደልና ለንባብ መመደብ፣ ልጁም በአማርኛ ሲጠየቅ በአማርኛ እንዲመልስ ማስለመድ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ግን ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው።