ማረፍ መሸነፍ አይደለም

እኅቴ ሆይ፣ ጉልበትሽ ሲያብጥ ምን ታደርጊያለሽ? በድሬዳዋ የብዙዎቻችን መልስ አንድ ነው፤ በጨርቅ ጠበቅ አድርጎ አስሮ ወደ ሥራ መሄድ። በፋብሪካ ማሽን ፊት ቆማ የምትውለው ሠራተኛም፣ ከቀፊራ ገበያ ዘንቢል ተሸክማ የምትመለሰው እናትም «ቤቴ እንዴት ይሆናል?» እያሉ ሕመማቸውን ይደብቃሉ። የተደበቀ ሕመም ግን ውሎ አድሮ ቤቱንም ሥራውንም ያስተጓጉላል።

ለአብነት የአትሌት ደራርቱ ቱሉን ታሪክ እንመልከት። በአርሲ በቆጂ የተወለደችው ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ዕድሜዋ ገና 20 ዓመት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ጉልበቷ ተጎድቶ ሁለት ዓመት ያህል ከውድድር ራቀች። በመጋቢት 1987 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ደርሃም ከተማ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ተመልሳ አንደኛ ወጣች። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ ደግሞ አራተኛ ሆነች። ከዚያ በኋላ ልጅ ወለደች፤ እናት ሆና በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀች። በጥቅምት 2002 ዓ.ም. የኒውዮርክን ማራቶን ስታሸንፍ 37 ዓመቷ ነበር።

«እርሷ ሯጭ ናት፣ እኔ የቤት እናት ነኝ» ትዪ ይሆናል። ጉልበት ግን የሯጭ፣ የእናት ብሎ አይለይም። ለሁለታችሁም የሚበጀው ማረፍ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ መመለስ ነው።

እብጠቱ ትኩስ ሳለ እግርሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርገሽ አሳርፊ፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አድርጊበት። ትኩስ እብጠትን አጥብቆ ማሸት ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። እግርሽ መርገጥ ካቃተው፣ ጉልበትሽ አልታጠፍ ካለ ወይም ትኩሳት ከተሰማሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

እብጠቱ ሲቀንስ ደግሞ ዝም ብሎ መተኛት አይጠቅምም፤ ጉልበትን የሚደግፈው የጭን ጡንቻ ሥራ ሲፈታ ይደክማልና። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እግርሽን በዝግታ ዘርጊ፣ ጥቂት ያዝ አድርጊና መልሺ፤ አሥር ጊዜ ያህል ደጋግሚው። ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ አጭር መንገድ ተራመጂ። በማግስቱ ሕመሙ ከጨመረ ቀንሺ፤ ካልጨመረ ጥቂት ጨምሪ።

ተቀጣሪ የሆንሽ እኅቴ መብትሽንም እወቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ የሕመም ፈቃድ ታገኛለች፤ የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ተከታዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል። ስለዚህ እያነከስሽ ከመግባትሽ በፊት ሐኪም ዘንድ ቅረቢ፤ ማስረጃውንም ለመሥሪያ ቤትሽ በጊዜ አድርሺ።

የገበያ ሴት ወይም የቤት እመቤት ግን ይህን ፈቃድ የሚሰጣት አሠሪ የላትም። የእርሷን ዕረፍት ሊሰጣት የሚችለው ቤተሰቧ ነው። ባልየው ዘንቢሉን ይያዝ፤ ልጆች ወንድ ሴት ሳይባል ውኃውን ይቅዱ፣ ወለሉን ይጥረጉ። ለጥቂት ሳምንታት ሥራ የተካፈለ ቤት እናቱን ለብዙ ዓመታት በእግሯ ያቆማል።