የማኅፀን በር ነቀርሳን ስለ መከላከል



ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ የሳነቴን አምባ ሳያቋርጥ ሪራን አያያትም። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ብርዱና ጉሙ ለጤነኛ ሰው እንኳ ይከብዳል። በሪራ ያለች ሴት ወደ ጎባ ሆስፒታል መሄድ ያስፈለጋት እንደ ሆነ ይህንኑ ዳገት ወጥታ ትሻገራለች። የታመመች ሴት በግድ ትሻገራለች፤ ያላመማት ግን ስለ ምን ብላ ትደክማለች? የማኅፀን በር ነቀርሳ ክፋቱ ከዚህ ላይ ነው፤ ሥር እስኪሰድ ድረስ አያምምምና።

መነሻው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ነው። ይህንንም የገለጡት ጀርመናዊው ሊቅ ሃራልድ ዙር ሀውዘን በ2001 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ቫይረሱ በሩካቤ ይተላለፋል፤ ከብዙ ሰው ሰውነት ግን ያለ መድኃኒት ይጠፋል። ሳይጠፋ የቀረ እንደ ሆነ ወደ ነቀርሳ እስኪለወጥ ብዙውን ጊዜ 15 ወይም 20 ዓመት ይፈጃል። ባልየውም ሳያውቀው ሊያመጣው ስለሚችል፥ በአንድ ባል ጸንታ የኖረችውን ሴት በዚህ በሽታ ማማት ታላቅ በደል ነው።

ያ ረዥም ዘመን ግን ለሚጠቀምበት ሰው ዕድል ነው። ነርሷ የማኅፀኑን በር ከወጥ ቤት እንደምናውቀው ባለ ቀጭን ኮምጣጤ ትቀባዋለች፤ ጥቂት ቆይቶ የታመመው ሥፍራ ነጭ ሆኖ ይታያል። ገና ትንሽ ከሆነም በዚያው ቀን በብርድ ወይም በሙቀት ታጠፋዋለች፤ የከፋውን ወደ ሆስፒታል ትልካለች። እኔ በፍርድ ቤት ጽሕፈት የኖርሁ ሰው ነኝና፥ ከሩቅ የመጣን ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ማለት ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ፤ ብዙው አይመለስም። ስለዚህ ሳነቴን ለተሻገረች ሴት ምርመራውና ሕክምናው በአንድ ቀን መዋሉ ከመድኃኒቱ የማያንስ ነገር ነው።

ክትባቱም እንዲሁ ነው። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ስትጀምር 6 ወር እያቆየች ሁለት ጊዜ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጊዜ ይበቃል ካለ በኋላ፥ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጠ። መካን ያደርጋል የሚባለው ወሬ ሐሰት ነው።

እንግዲህ የቤት አባት የሆናችሁ ሁሉ፥ ክትባቱ በመጣ ጊዜ ልጃችሁን አትከልክሏት። ባለቤታችሁም ከ30 እስከ 49 ዓመት ሳለች፥ ሳያምማት ትመርመር፤ ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ከዚያም ቀደም ብላ። ያለ ወር አበባዋ ወይም ከሩካቤ በኋላ ደም ያየች ግን ዕድሜ ሳትቈጥር ወደ ሐኪም ትሂድ፤ የመኪናውን ኪራይ መክፈልና እስክትመለስ ልጆቹን መጠበቅ የባል ፈንታ ነው።